የቶዮታ 2.5 ሊትር ቱርቦ ናፍጣ ሞተር፦ መለኪያዎቹ፣ ተደጋጋሚ ብልሽቶቹና በደጋማ አካባቢ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ

መካነ ሰላም፣ ደቡብ ወሎ፦ በደቡብ ወሎ ዞን ምዕራባዊ ደጋማ ወረዳዎች የአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ ብዙ ጊዜ በአንድ ተሽከርካሪ ላይ የተመሠረተ ነው። ክትባት ወደ ጤና ኬላ የሚደርሰው፣ ምርጥ ዘር ወደ ቀበሌ የሚጓዘው፣ የክትትልና ድጋፍ ቡድን ወደ ገጠር የሚወጣው በዚያው ተሽከርካሪ ነው። ምጥ የጠናባት እናት አምቡላንስ በማይገኝበት ሰዓት ወደ ሆስፒታል የምትወሰደውም በእርሱ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም የአንድ ሞተር መቆም የንብረት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ለኅብረተሰቡ የሚሰጠውን አገልግሎት በቀጥታ የሚነካ ነው።

በአገሪቱ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በስፋት ከሚታወቁት አነስተኛ ቱርቦ ናፍጣ ሞተሮች አንዱ 2ኬዲ-ኤፍቲቪ የተባለው የቶዮታ 2.5 ሊትር ሞተር ነው። ሞተሩ በሃይሉክስ ፒክ አፖችና በተለምዶ አባዱላ እየተባሉ በሚጠሩት የሃይኤስ ሚኒባሶች ላይ ይገኛል። ጠንካራ የሚል ስም ያተረፈ ሞተር ቢሆንም፣ በተደጋጋሚ የሚታዩበት የታወቁ ብልሽቶች አሉት። ከእነዚህ መካከል አብዛኞቹ በትንሽ ወጪ አስቀድሞ መከላከል የሚቻላቸው ሲሆኑ፣ በወቅቱ ካልተደረሰባቸው ግን ሙሉ ሞተር እስከ መለወጥ ያደርሳሉ።

የሞተሩ ዋና ዋና መለኪያዎች

2ኬዲ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ በሃይሉክስ ላይ እስከ 2015 ድረስ በስፋት ሲገጠም ቆይቷል። ከ2015 ጀምሮ በ2.4 ሊትሩ 2ጂዲ ሞተር መተካት ጀምሯል። ዋና ዋና መለኪያዎቹ የሚከተሉት ናቸው፦

- የሲሊንደር ብዛት፦ በአንድ መስመር የተደረደሩ 4
- ይዘት፦ 2 ሺህ 494 ሲ.ሲ.
- የሲሊንደር ስፋት፦ 92 ሚሊ ሜትር
- የፒስቶን ምት ርዝመት፦ 93.8 ሚሊ ሜትር
- የቫልቭ ብዛት፦ 16፣ በሁለት የላይ ካምሻፍት የሚንቀሳቀሱ
- ብሎክ፦ ብረት፤ ቴስታታ፦ አሉሚኒየም
- የነዳጅ አቅርቦት፦ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ኮመን ሬይል
- ጉልበት፦ በመጀመሪያዎቹ 102 የፈረስ ጉልበት፤ ኢንተርኩለር በተገጠመላቸው 120፤ ተለዋዋጭ ክንፍ ያለው ቱርቦ በተገጠመላቸው 144
- የመጠምዘዝ ኃይል፦ በመጀመሪያዎቹ ከ200 እስከ 260 ኒውተን ሜትር፤ በኋለኞቹ 325 እና 343
- የሞተር ዘይት፦ ከነፊልትሮው ወደ 7 ሊትር የሚጠጋ

የዚህ ሞተር ታላቅ ወንድም የሚባለው 1ኬዲ-ኤፍቲቪ 2 ሺህ 982 ሲ.ሲ. ይዘት ያለው ሲሆን፣ በሃይሉክስ፣ በፕራዶና በፎርቹነር ላይ ተገጥሞ ይገኛል። የሁለቱ አሠራር ተመሳሳይ በመሆኑ ከዚህ በታች የተዘረዘሩት አብዛኞቹ ችግሮች ለሁለቱም ይሠራሉ።

ከቀድሞዎቹ ሞተሮች የሚለየው

ለረጅም ዓመታት በየወረዳው ሲያገለግሉ የኖሩት 2ኤል፣ 3ኤል እና 5ኤል የተባሉት የቀድሞ የሃይሉክስ ሞተሮች ናፍጣን የሚረጩት በሜካኒካል ፓምፕ ነበር። ጉልበታቸው ዝቅተኛ፣ ድምፃቸውም ከፍተኛ ቢሆንም ጥራቱ የጎደለውን ናፍጣ በመጠኑም ቢሆን ይታገሡ ነበር።

በ2ኬዲ ሞተር ግን ፓምፑ ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት አምቆ ሬይል ወደተባለው የጋራ ቱቦ ያስገባል። ኮምፒዩተሩ ደግሞ እያንዳንዱ ኢንጀክተር መቼና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚከፈት ይወስናል። ግፊቱ ከ1 ሺህ 300 ባር በላይ ይደርሳል። የመኪና ጎማ ግፊት ከ2 እስከ 3 ባር ገደማ መሆኑን ላስተዋለ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ይህንን ግፊት ለመቋቋም የኢንጀክተሩ ውስጣዊ ክፍሎች እጅግ ተቀራርበው የተሠሩ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከፀጉር ውፍረት በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። በዚህም ምክንያት የቀድሞው ሞተር ያለችግር ያሳልፈው የነበረ ጥቂት ውኃና ደቃቅ አቧራ ይህንን ሞተር ይጎዳዋል። በቀድሞው ሞተር የሠለጠነ አሽከርካሪም ሆነ መካኒክ ይህንን ልዩነት ሊገነዘብ ይገባል።

የደጋው አየርና የመንገዱ አቀማመጥ

የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ መካነ ሰላም ከደሴ በአቅስታ በኩል 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን ቀዝቃዛ ቦታዎች ያቋርጣል። ወደ ጎጃም ጉንደወይን የሚያመራው ደግሞ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ወደ ታች ወርዶ ዓባይን ከተሻገረ በኋላ መልሶ ይወጣል። ወደ ሳይንት፣ ወደ ወግዲና ወደ ከላላ የሚጓዝ ተሽከርካሪም ዳገትና ቁልቁለት የሚፈራረቅበትን መንገድ ይጠብቃል።

በ2 ሺህ 600 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 73 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። በ3 ሺህ 500 ሜትር ደግሞ ወደ 65 በመቶ ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚሁ መጠን ጉልበቱን ያጣል። ቱርቦ ያለው ሞተር ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል፤ ይህንን የሚያደርገው ግን ቱርቦው ይበልጥ ፈጥኖ በመሽከርከር ነው። የአነስተኛ ናፍጣ ሞተር ቱርቦ በሥራ ላይ ሳለ በደቂቃ ከ100 ሺህ ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል። በደጋ አካባቢ የሚሠራ ቱርቦ ከቆላው ይልቅ የሚደክም በመሆኑ ንጹሕና በቂ ዘይት የማግኘቱ ጉዳይ ወሳኝ ነው።

ከፍታው ማቀዝቀዣውንም ይነካል። በመካነ ሰላም ከፍታ በክፍት ዕቃ የተጣደ ውኃ በ91 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይፈላል። ጤነኛ የራዲያተር ክዳን ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝ የመፍያውን መጠን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ክዳኑ ሲላላ ወይም ጎማው ሲሰነጠቅ ግን ሞተሩ ከመደበኛው የሥራ ሙቀት ብዙም ሳይርቅ ውኃው መፍላት ይጀምራል። ትንሽ ዋጋ ያለው ክዳን በቸልታ በመታለፉ የአሉሚኒየም ቴስታታ ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል።

ተደጋጋሚ ብልሽቶች

1. የኢንጀክተር ሮንዴላ ማፍሰስ

በዚህ ሞተር ላይ ከሚታወቁት ችግሮች ቀዳሚው፣ መዘዙም የከፋው ይህ ነው። በእያንዳንዱ ኢንጀክተር ሥር የተቀመጠች አንዲት ቀጭን ሮንዴላ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ላይ እንዳይወጣ ታግዳለች። ሮንዴላዋ ስትደክም ትኩስና ጥላሸት የበዛበት ጋዝ ወደ ቴስታታው ክዳን ውስጥ ገብቶ ከሞተር ዘይት ጋር ይቀላቀላል። ዘይቱ ይወፍራል፤ ጥላሸቱም እየጠጠረ ኮፓ ወደሚባለው የዘይት መያዣ ይወርዳል። በመጨረሻም ዘይት የሚስበውን ቱቦ ወንፊት ይደፍነዋል።

ወንፊቱ ሲደፈን በኮፓው ውስጥ በቂ ዘይት እያለ ሞተሩ በዘይት እጥረት ይጎዳል። በቅድሚያ የሚጎዱት ቱርቦው እና የክራንክ ሻፍቱ ብሮንዚኖች ናቸው። በመለኪያ ዘንጉ ላይ የሚታየው መጠን ትክክል በመሆኑ አሽከርካሪው ችግር መኖሩን ላያውቅ ይችላል።

የሚሰጣቸው ምልክቶች፦ ሞተሩ በጠዋት ሲነሣ ችፍ ችፍ የሚል የትንፋሽ ድምፅ መሰማት፣ ነጭ ጭስ መታየት፣ በዘይት መሙያው ክዳን በኩል ከወትሮው የበዛ ጭስ መውጣት፣ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ የዘይት መብራት ቶሎ አለመጥፋት ናቸው። መፍትሔው ሮንዴላዎቹን በአዲስ መተካት፣ መቀመጫቸውን ማጽዳትና ኮፓውን አውርዶ ወንፊቱን ማየት ነው። አንድ ጊዜ የተፈታ ሮንዴላ ዳግመኛ አይገጠምም። ሮንዴላ ለውጦ ወንፊቱን ሳያዩ መተው ሥራውን በግማሽ ማቆም ማለት ነው።

2. የኢንጀክተር መበላሸትና የናፍጣ ጥራት

ማደያ በሌለባቸው ወይም ነዳጅ በሚቆራረጥባቸው አካባቢዎች ናፍጣ በበርሜልና በጀሪካን ይጓጓዛል፣ ይከማቻል። በደጋው ቀንና ሌሊት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ከፍተኛ በመሆኑ፣ ግማሽ ድረስ ብቻ በተሞላ በርሜል ውስጥ ያለው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ወደ ውኃነት ይለወጣል። ውኃው ከናፍጣ ስለሚከብድ ከሥር ይዘቅጣል። ከበርሜሉ ግርጌ የተቀዳ ናፍጣ ይህንን ውኃና ዝገት ይዞ ወደ ታንከሩ ይገባል።

የናፍጣ ፊልትሮው ውኃን የሚለይና የሚያጠራቅም ክፍል፣ ከሥሩም የማፍሰሻ ብሎን አለው። ውኃው ሲሞላ በክሩስኮቱ ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል። መብራቱ በርቶ እያለ መንዳት ፓምፑንና አራቱንም ኢንጀክተሮች ለአደጋ ማጋለጥ ነው። የኢንጀክተር መበላሸት በሥራ ፈት ዙር በሚሰማ ንቅናቄ፣ በብረት መንኳኳት ድምፅ፣ በጥቁር ወይም በነጭ ጭስና በነዳጅ ፍጆታ መጨመር ይታወቃል።

በዚህ ረገድ ተደጋግሞ የሚታየው ስህተት የብልሽቱን መነሻ ሳይመረምሩ ኢንጀክተር ብቻ መለወጥ ነው። ታንከሩ ካልታጠበ፣ መስመሩ ካልጸዳና ፊልትሮው ካልተለወጠ አዲሱ ኢንጀክተርም የአሮጌው ዕጣ ይደርሰዋል። በኋለኞቹ ሞዴሎች ላይ የአዲሱ ኢንጀክተር የመለያ ቁጥር በመመርመሪያ መሣሪያ ወደ ኮምፒዩተሩ መግባት እንዳለበትም መዘንጋት የለበትም።

3. የፓምፑ መቆጣጠሪያ ቫልቭ

ወደ ከፍተኛ ግፊት ፓምፑ የሚገባውን ናፍጣ የሚመጥነው ቫልቭ በቆሻሻ ሲያዝ የሞተሩ ዙር ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሞተሩ በመቆሚያ ቦታ በድንገት ይጠፋል፤ ሲነሣም ያስቸግራል። ቫልቩ ከፓምፑ ተለይቶ የሚለወጥ በመሆኑ ሙሉ ፓምፕ ለመግዛት ጥያቄ ከመቅረቡ በፊት እርሱን ማስመርመር ብዙ ወጪ ያድናል።

4. ቱርቦ

ቱርቦ በራሱ ጊዜ የሚበላሸው አልፎ አልፎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው የቆሸሸ ዘይት፣ የዘይት እጥረት ወይም በተቀደደ የአየር ማጣሪያ የገባ አቧራ ነው። በጠጠርና በአፈር መንገድ የሚሠራ ተሽከርካሪ የአየር ማጣሪያው በየጊዜው ሊታይ ይገባል። ረጅም ዳገት ወጥቶ የቆመ ሞተር ወዲያውኑ መጥፋት የለበትም፤ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ በዝቅተኛ ዙር ቢሠራ ዘይቱ ቱርቦውን ያቀዘቅዘዋል። ተለዋዋጭ ክንፍ ባላቸው ቱርቦዎች ላይ ክንፎቹ በጥላሸት ሊያዙ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ሞተሩን ለመጠበቅ ጉልበቱን ሊቀንስ ስለሚችል፣ ዳገት ላይ ድንገት አቅም ማጣት ሁልጊዜ የቱርቦ መሞት ምልክት ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

5. የታይሚንግ ቺንጋ

ካምሻፍቱን የሚያንቀሳቅሰው የጎማ ቺንጋ ነው። የመለወጫው ጊዜ እንደ ሞዴሉና እንደ ገበያው 100 ሺህ ወይም 150 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። ቺንጋው አስቀድሞ ምልክት ሳይሰጥ ሊበጠስ ይችላል፤ ሲበጠስም ፒስቶንና ቫልቭ ይጋጫሉ። በክሩስኮቱ ላይ የቺንጋ መብራት ያላቸው ተሽከርካሪዎች መብራቱን የሚያበሩት ኪሎ ሜትር ቆጥረው እንጂ የቺንጋውን ሁኔታ አይተው አይደለም። መብራቱን ማጥፋት ቺንጋውን መለወጥ አለመሆኑ ሊታወቅ ይገባል። ተተኪው 2ጂዲ ሞተር በቺንጋ ምትክ ሰንሰለት ስለሚጠቀም ይህ ስጋት በእርሱ ላይ የለም።

6. የፒስቶን መሰንጠቅ

ይህ ችግር በይበልጥ የሚታወቀው በ3.0 ሊትሩ 1ኬዲ ላይ ሲሆን፣ በአውስትራሊያና በሌሎችም አገሮች ተደጋግሞ ታይቷል። ከመጠን በላይ ወይም ያለጊዜው ናፍጣ የሚረጭ ኢንጀክተር ፒስቶኑን ከልክ በላይ ያሞቀዋል። ድምፁ የተለወጠ ኢንጀክተርን ይዞ ከባድ ጭነት በዳገት ላይ መጎተት አደጋውን ያባብሰዋል።

የጥገና መርሐ ግብር

አቧራማና ተራራማ መንገድ፣ ቀዝቃዛ አየርና አጫጭር ጉዞ ሲደማመሩ ከባድ የአሠራር ሁኔታ ከሚባለው ይመደባሉ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የሚከተለው መርሐ ግብር ተገቢ ነው፦

- በየቀኑ፦ የዘይትና የራዲያተር ውኃ መጠን፣ በሞተሩ ሥር የሚታይ ፍሳሽ፣ የጠዋት ድምፅና ጭስ
- በየሳምንቱ፦ ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር ውኃ ማፍሰስ፣ የአየር ማጣሪያውን ማየት
- በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትር፦ የሞተር ዘይትና የዘይት ፊልትሮ መለወጥ
- በየ10 ሺህ ኪሎ ሜትር፦ የናፍጣ ፊልትሮ መለወጥ፣ የራዲያተር ክዳንና ጎማዎችን መፈተሽ
- የፍሳሽ ምልክት ሲታይ ወይም ኢንጀክተር በተፈታ ቁጥር፦ ሮንዴላዎችን መለወጥ፣ የዘይት መሳቢያ ወንፊቱን ማየት
- በ100 ሺህ ኪሎ ሜትር፦ የታይሚንግ ቺንጋውን ከነመወጠሪያው መለወጥ

የናፍጣ ሞተር ዘይት ከተለወጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ መጥቆሩ የተለመደ በመሆኑ በራሱ የብልሽት ምልክት አይደለም። አሳሳቢው የዘይቱ መወፈርና በመለኪያ ዘንጉ ላይ እንደ ቅጥራን መለጠፉ ነው።

የመሥሪያ ቤቶች ድርሻ

ከላይ ከተዘረዘሩት ብልሽቶች አብዛኞቹ በመካኒኩ እጅ ከመድረሳቸው በፊት በአስተዳደር ውሳኔ ሊገቱ የሚችሉ ናቸው። ለዚህም አራት ነጥቦች ትኩረት ያሻቸዋል።

አንደኛ፣ ሰርቪስ የሚፈቀደው በኪሎ ሜትር መሆን ይኖርበታል። የበጀት መለቀቅን ወይም የግዥ ሒደት መጠናቀቅን ሲጠብቅ 5 ሺህ ኪሎ ሜትሩን በእጥፍ ያለፈ ተሽከርካሪ የዘይቱን ዋጋ ያተረፈ ቢመስልም፣ ዕዳው በሞተሩ ላይ ይከማቻል።

ሁለተኛ፣ የአሽከርካሪው ሪፖርት በጽሑፍ ሊያዝና ምላሽ ሊያገኝ ይገባል። የሞተሩን ድምፅ በየጠዋቱ የሚሰማው አሽከርካሪው ነው። በስምሪት መዝገቡ ላይ ያሰፈረው ማስታወሻ ሳይታይ ተሽከርካሪው ለመስክ ከታዘዘ በመንገድ ላይ ለሚደርሰው ብልሽት አሽከርካሪውን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ አግባብ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ የመለዋወጫ ግዥ ዝርዝር በሞተሩ ዓይነትና ቁጥር ላይ የተመሠረተ መሆን አለበት። የሃይሉክስ ፊልትሮ ተብሎ ብቻ የሚወጣ ጨረታ ለ5ኤል የተሠራውን ዕቃ ለ2ኬዲ ሊያመጣ ይችላል። በዋጋ ዝቅተኛነት ብቻ የተመረጠ፣ ውኃን በአግባቡ የማይለይ የናፍጣ ፊልትሮ የሚያስከትለው ኪሳራ ከዋጋ ልዩነቱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከደሴ ርቀው ለሚገኙ ወረዳዎች ሁለት የናፍጣ ፊልትሮ፣ የዘይት ፊልትሮ፣ አንድ ሙሉ የሮንዴላ ስብስብና የራዲያተር ክዳን በንብረት ክፍል ሁልጊዜ ቢቀመጡ መልካም ነው።

አራተኛ፣ ተሽከርካሪ ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ሲዛወር የጥገና ታሪኩ አብሮ ሊተላለፍ ይገባል። ቺንጋው መቼ እንደተለወጠ የሚያሳይ ማስረጃ ካልተገኘ ጊዜው እንዳለፈ ተቆጥሮ ወዲያውኑ ሊለወጥ ይገባል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መንግሥት መወሰኑ፣ ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም የነዳጅ ድጎማው በሒደት መነሣቱ የጉዳዩን ክብደት ይጨምረዋል። አንድ የተበላሸ ኢንጀክተር በየጉዞው የሚያባክነው ናፍጣ ዛሬ ከቀድሞው የበለጠ ዋጋ አለው። በእጅ ያለውን ተሽከርካሪ በአዲስ እተካለሁ ብሎ መጠበቅም እንደ ቀድሞው ቀላል አይደለም።

2ኬዲ በሥርዓት ከተያዘ በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የሚያገለግል ሞተር ነው። በመካነ ሰላምና በአካባቢዋ ያሉ መሥሪያ ቤቶች ሞተሩን ለማዳን የሚያስፈልጋቸው ዋናው ነገር በሰዓቱ የተለወጠ ዘይት፣ ከፊልትሮው ሥር የፈሰሰ ውኃና በወቅቱ የተተካ ሮንዴላ ነው። እነዚህ በተሟሉበት ወረዳ ክትባቱ በቀጠሮው ቀን ጤና ኬላ ይደርሳል።